ለማገዶም ለሽንኩርትም፦ ስለ ትልቅ የካምፕ ቢላዋ ንድፍ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

አንድ ቢላዋ ብቻ ታጥቆ ጫካ መግባት፣ ቀን ቅርንጫፍ መመልመልና ማገዶ መፍለጥ፣ ማታ ደግሞ በዚያው ስለት ሥጋ መበለትና ሽንኩርት መክተፍ። ሐሳቡ ያማልላል። እኔንም አማሎኝ እርሳስና ወረቀት ይዤ ተቀመጥሁ፤ የመጀመሪያው ሥራዬ ግን ከቢላዋ ይልቅ ስለት የወጣለት ዶማ ይመስል ነበር። ጥፋቱ የእጄ አልነበረም። ስለዚህ ዓይነቱ ቢላዋ ሲወራ የሰማሁትን ሁሉ ሳልመረምር ማመኔ ነው የጎዳኝ። ከሰማኋቸው መካከል ብዙ ሰው የሚያሳስቱትን እነሆ።

«ጀርባው ወፍራም ካልሆነ ከባድ ሥራ አይችልም»

ከሁሉ ይበልጥ ሥር የሰደደው ይህ ስለሆነ ትንሽ እቆይበታለሁ። ውፍረት ጥቅም የለውም አልልም። የአንድ ብረት ውፍረት እጥፍ ሲሆን ለመጉበጥ የሚያሳየው እምቢታ ስምንት እጥፍ ያድጋል፤ ስለዚህ ጀርባው 4 ሚሊሜትር የሆነ ቢላዋ ከ2 ሚሊሜትሩ ጋር የሚወዳደር አይደለም። ከ4 ሚሊሜትር በላይ የሚጨመረው ግን ለእጅ ሥራ ብዙም አይፈይድም፤ በማዕድ ቤት ደግሞ በግልጽ ይጎዳል። እንጨት ሲፈለጥ ስለቱ መንገዱን ይከፍታል እንጂ የሚሰነጠቀው እንጨቱ ራሱ ነው፤ በተፈጥሮ መሥመሩ ተከትሎ ይከፈታል።

ሁለት ቢላዋዎች እናስብ። ሁለቱም 6 ሴንቲሜትር ስፋት አላቸው። የመጀመሪያው ጀርባው 6 ሚሊሜትር ሲሆን የተሞረደው ከስለቱ እስከ 3 ሴንቲሜትር ከፍታ ብቻ ነው። ሁለተኛው ጀርባው 4 ሚሊሜትር ሆኖ ከጀርባው ጀምሮ እስከ ስለቱ እየሳሳ ይወርዳል። ሁለቱም ትልቅ ካሮት ውስጥ 3 ሴንቲሜትር ጠልቀው ገቡ እንበል። በዚያ ጥልቀት የመጀመሪያው ካሮቱን በ6 ሚሊሜትር ይገፋዋል፤ ሁለተኛው ከ2 ሚሊሜትር እምብዛም በማይበልጥ። በመጀመሪያው ካሮቱ አይቆረጥም፤ «ቀጭ» ብሎ ይፈነከትና ግማሹ ከጣውላው ላይ ይዘላል። የእኔ ዶማ የመጀመሪያው ዓይነት ነበር።

እንግዲህ የቢላዋውን ዕጣ የሚወስነው ጀርባው ሳይሆን ከስለቱ በላይ ያሉት ጥቂት ሚሊሜትሮች ናቸው። ለሽንኩርት ብቻ ቢሆን ስለቱ ከመውጣቱ በፊት ያለው ውፍረት 0.3 ሚሊሜትር ቢሆን ደስ ባለኝ። ለእንጨት ግን ይህ ስስ ነው። ከ0.5 እስከ 0.6 ሚሊሜትር ላይ ማስታረቅ ይቻላል፤ ጎኑ በጣም ጥቂት እንደ ዘር ፍሬ ካበጠ ደግሞ እንጨት ውስጥ ተቀርቅሮ አይቀርም፣ የድንች ቁራጭም አይጣበቅበትም።

«ክብደቱ ራሱ ይቆርጣል»

ግማሽ እውነት ነው፤ ግማሽ እውነት ደግሞ አታላይ ነው። የሚወዛወዝ ነገር ጉልበት ከክብደቱ ጋር እኩል ሲያድግ፣ ከፍጥነቱ ጋር ግን በካሬ ያድጋል። ክብደት እጥፍ ቢሆን ጉልበቱ እጥፍ ይሆናል፤ ፍጥነት እጥፍ ቢሆን አራት እጥፍ። ከባድ ቢላዋ ይዘገያል፣ ቀለል ያለው ይፈጥናል። 24 ሴንቲሜትር ርዝመትና 6 ሴንቲሜትር ስፋት ባለው ገና ባልተሞረደ ብረት ላይ እያንዳንዱ ሚሊሜትር ውፍረት ወደ 113 ግራም ይጨምራል። ሁለት ሚሊሜትር «ለማንኛውም» ብሎ የሚጨምር ሰው ሩብ ኪሎ የሚጠጋ ብረት ቀኑን ሙሉ በወገቡ፣ ማታ ደግሞ በአንጓው ይሸከማል።

ክብደቱ የት እንዳለ ማወቅ መጠኑን ከማወቅ አያንስም። ጀርባው እጀታው ጋ 5 ሚሊሜትር ሆኖ ወደ ጫፉ 2 ሚሊሜትር እስኪደርስ ቢሳሳ፣ ሚዛኑ ወደ እጅ ይመለሳል፤ ጫፉም ለስስ ሥራ ነጻ ይወጣል። እኔ ሚዛኑ ከእጀታው ፊት 3 ሴንቲሜትር ገደማ ላይ ሲያርፍ እወዳለሁ፤ ሲወዛወዝ ወደ ፊት ይወርዳል፣ ሲከተፍበት ግን አያደክምም።

«የማዕድ ቤት ሰፊ ቢላዋ ሁሉ አጥንት ይሰብራል»

ሰፊውን አራት ማዕዘን ቢላዋ ያየ ሁሉ አጥንት ላይ ያሳርፈዋል። የቻይና ማዕድ ቤቶች ዋና መሣሪያ የሆነው ጻይ ዳው ግን ስሙ ራሱ «የአትክልት ቢላዋ» ማለት ነው፤ ጀርባው አብዛኛውን ጊዜ 2 ሚሊሜትር አካባቢ ነው፣ አጥንት ላይ ካረፈ ይሸረፋል። ለአጥንት ሌላ፣ ወፍራምና ከባድ ቢላዋ አላቸው። በሁለቱ መካከል ያለው ሦስተኛው ዓይነት ግን ለእኛ ጉዳይ ትልቅ ትምህርት ነው፦ ዌን ዉ ዳው ይባላል፤ «የሊቅና የጦረኛ ቢላዋ» እንደ ማለት ነው። ፊተኛው ክፍል ስስ ሆኖ ለመክተፍ ያገለግላል፤ ወደ እጀታው ያለው ክፍል ወፍራም ሆኖ ትንንሽ አጥንቶችን ይመታል።

ይህን ሐሳብ ወደ ካምፕ ቢላዋ ስናመጣ አንዱ ስለት ሁለት ጠባይ ይኖረዋል። ከጫፉ እስከ ሁለት ሦስተኛው ድረስ በየጎኑ 17 ዲግሪ ገደማ፣ ወደ እጀታው ያለው የመጨረሻ ሲሶ ደግሞ 25 ዲግሪ አድርጎ መሳል ነው። እርግጥ አንድ ጣጣ አለው፦ እንጨት ስንቆርጥ ኃይሉ ያለው ወደ ጫፉ በኩል እንጂ እጀታው ጋ አይደለም። ስለዚህ ፊተኛው ክፍል እንጨቱን እንዲችል 20 ዲግሪ ላይ የሚያቆሙ አሉ፤ እኔም ከእነሱ ወገን ነኝ። ቲማቲሙ ትንሽ ይቀየመኛል፣ ስለቱ ግን አይሸረፍም።

አጥንትን በተመለከተ ደግሞ፣ ብልት ማውጣት የሚያውቅ ሰው መገጣጠሚያውን ይፈልጋል እንጂ አጥንቱን አይመታም። የተመታ አጥንት ስንጥሩን ወጥ ውስጥ ይጥላል።

«ስለቱን አስፍቼ ከነደፍሁ እጀታው ኋላ ይታሰብበታል»

ይህን ስህተት ሠርቼ የተማርሁት በጣቶቼ ነው። ጫካ ውስጥ አየር ላይ ስንቆርጥ ከስለቱ በታች ምንም ስለሌለ ችግሩ አይታይም። ጣውላ ላይ ስንከትፍ ግን ስለቱ ከጣውላው ሳይደርስ የእጃችን አንጓዎች ይቀድማሉ። ስለቱ 6 ሴንቲሜትር ቢሰፋ፣ እጀታው ደግሞ ከጀርባው ጋር በአንድ መሥመር ላይ ሆኖ 3 ሴንቲሜትር ቁመት ቢኖረው፣ ለጣቶች የሚቀረው 3 ሴንቲሜትር ነው። ለብዙ እጅ ይበቃል። እጀታው ግን በስለቱ መካከለኛ ከፍታ ላይ ቢተከል ግማሹ ይጠፋና ቢላዋው የሚከትፈው በጣውላው ጠርዝ ላይ ብቻ ይሆናል። እጅ እንዳያመልጥ ተብሎ ወደ ታች የሚወጣው የብረት መከላከያም እዚህ ላይ እንቅፋት ነው።

መፍትሔው ርካሽ ነው። ብረት ከመቁረጥ በፊት ቅርጹን በካርቶን ወይም በስስ ጣውላ ቆርጦ፣ ይዞ፣ ጠረጴዛ ላይ ለአሥር ደቂቃ «መክተፍ» ነው። ጎረቤት ቢያይ ይስቃል፤ ይሳቅ።

የስለቱ ሆድም በዚሁ ይፈተሻል። እንደ ኔፓሉ ኩክሪ ወደ ፊት የታጠፈ ስለት ለቅርንጫፍ ድንቅ ነው፤ ጠፍጣፋ ጣውላ ላይ ግን የሚነካው በጥቂቱ ብቻ ስለሆነ ሽንኩርቱ እንደ ሰንሰለት ተያይዞ ይቀራል። ቢያንስ ግማሹ የስለት ርዝመት ቀጥ ያለ መሆን አለበት።

«ብረቱ እጅግ ከጠነከረ ሳይሳል ይከርማል»

የማዕድ ቤት ቢላዋ የብረት ጥንካሬ በሚለካበት በሮክዌል መለኪያ 60 ወይም ከዚያ በላይ ሊደርስ ይችላል፤ ሥራው ለስላሳ ስለሆነ ይችለዋል። እንጨት ቋጠሮ ላይ የሚያርፍ ስለት ግን በዚያ ጥንካሬ ይሸረፋል። እንደ 5160 ላለ፣ 0.6 በመቶ አካባቢ ካርቦን ለያዘ የስፕሪንግ ብረት ከ56 እስከ 58 ያለው ተስማሚ ነው። የተጣጠፈ ስለት በድንጋይ ላይ በደቂቃዎች ይመለሳል፤ የተሸረፈው ግን ማታውን ሙሉ ያስሞርዳል።

«የጠነከረ ብረት አይጎብጥም» የሚለውም የዚህ ወንድም ነው። ብረቱ ጠነከረም ላላም፣ በአንድ ዓይነት ጭነት የሚጎብጠው እኩል ነው፤ ልዩነቱ ለስላሳው እንደ ጎበጠ ይቀራል፣ ጠንካራው ይመለሳል ወይም ይሰበራል። በ1976 የተመሠረተው የአሜሪካ የቢላዋ አንጥረኞች ማኅበር በፈተናው ይህን በአንድ ቢላዋ ላይ ያሳያል፦ በነጻ የተንጠለጠለ ገመድ ይቆርጣል፣ ጣውላ ይከትፋል፣ ከዚያ በኋላ ጠጉር መላጨት አለበት፣ በመጨረሻም 90 ዲግሪ ይታጠፋል። ብዙ ሰው የሚያወራው ስለ መታጠፉ ነው። ለእኔ ግን ትልቁ ነገር ከጣውላው በኋላ ጠጉር መላጨቱ ነው፤ ቲማቲሙ የሚጠይቀውም ይህንኑ ነውና።

አሮጌ የመኪና ባሌስትራ ሁሉ ምርጥ የቢላዋ ብረት ነው የሚሉም አሉ። አንዳንዱ ጥሩ ነው። ነገር ግን ከውጭ ሲታይ ዓይነቱ አይታወቅም፤ ለዓመታት የተንገላታ ስለሆነም ዓይን የማያየው ስንጥቅ ሊኖረው ይችላል። አንድ ቢላዋ ለመሥራት የወር ልፋት የሚያወጣ ሰው ዓይነቱ የታወቀ ብረት ቢገዛ አይከስርም።

«የሚዝግ ብረት ለምግብ አይሆንም»

ካርቦን የበዛበት ብረት ሽንኩርትና ሎሚ ሲነካው ይጠቁራል። ይህ ሽፋን መርዝ አይደለም፤ እንዲያውም ቀዩን ዝገት ያዘገየዋል። ወዲያው ማጠብ፣ ማድረቅ፣ ለምግብ በሚሆን ዘይት ማበስ ይበቃል። የሞተር ዘይት ግን ምግብ ከሚነካ ስለት ይራቅ። ስለቱን በቀለም መሸፈንም እዚህ ላይ ጥሩ አይደለም፤ ቀለሙ በቆረጣ ብዛት እየተፋቀ ይነሣል፣ የሚሄደውም ወደ ድስቱ ነው። የመዶሻ ዱካ ያለበት ሻካራ ጎን ፎቶግራፍ ላይ ያምራል፤ የጥሬ ሥጋ ስብ ግን በየጉድጓዱ ይደበቃል። የቆዳ አፎት ደግሞ እርጥበትና ስብ ይጠጣል፤ ለዚህ ቢላዋ ሊታጠብ የሚችል የፕላስቲክ አፎት ይሻላል።

«የብረቱ ምላስ የእጀታውን ሙሉ ስፋት ካልያዘ ይሰበራል»

እጀታው ውስጥ የሚገባው ምላስ ጠባብ ቢሆንም፣ ከስለቱ ጋር የሚገናኝበት ማዕዘን ክብ ሆኖ ከተሞረደና ብረቱ እዚያ ላይ ከለዘበ ይችላል። የሚሰበረው ማዕዘኑ ሹል ሆኖ ሲቀር ነው፤ ኃይል ሁሉ እዚያ ይከማቻል። ሙሉ ምላስ ቀላል ነው፤ ዋጋው ግን ክብደት ወደ ኋላ መሳቡ ነው፤ ስለዚህ እጀታው ሥር ያለውን ብረት ቀዳዳ በቀዳዳ ማድረግ የተለመደ ነው።

«ጫፉ ላይ ያለው ቀዳዳ ሚዛኑን ያስተካክላል»

መስቀያ ነው።