«አይተው ለምን ዝም አሉ?» ስለ ዓለም አቀፍ የምርጫ ታዛቢዎች የምንሳሳታቸው ነገሮች

በግንቦት 2002 ዓ.ም. አጠቃላይ ምርጫ ለሁለት የውጭ ታዛቢዎች አስተርጓሚ ሆኜ ከባሕር ዳር እስከ ዘጌ ያሉ የምርጫ ጣቢያዎችን ዞሬአለሁ። ከዚያ ወዲህ ምርጫ በተነሣ ቁጥር፣ በሐይቁ ዳር ቡና ስንጠጣም ሆነ ለቅሶ ቤት ስንቀመጥ፣ ሰዎች «ፈረንጆቹ ሁሉን አይተው ለምን ዝም አሉ?» እያሉ ይጠይቁኛል። መልሱን በየጊዜው ከሥሩ መጀመር ስለሰለቸኝ እነሆ ጻፍሁት።

ቀላል የሆኑትን አስቀድሜ ላንሣ። «ታዛቢ ማለት ፈረንጅ ነው» የሚለው ስሕተት ነው። በ2007 ዓ.ም. የቀድሞው የናሚቢያ ፕሬዚዳንት ሂፊኬፑንዬ ፖሃምባ፣ በ2013 ዓ.ም. ደግሞ የቀድሞው የናይጄሪያ ፕሬዚዳንት ኦሉሴጉን ኦባሳንጆ የአፍሪካ ኅብረትን ታዛቢዎች መርተው መጥተዋል።

«በፈለጉ ጊዜ ይገባሉ» የሚባለውም ልክ አይደለም፤ የሚመጡት ተጋብዘውና ተስማምተው ነው። በ2013 ዓ.ም. የአውሮፓ ኅብረት ስለ ቡድኑ ነጻነትና የመገናኛ መሣሪያዎችን ስለማስገባት ከመንግሥት ጋር መስማማት ባለመቻሉ ተልዕኮውን ሰርዟል። ለቀበሌና ለወረዳ ምርጫም እንደሚመጡ የሚጠብቅ አለ፤ ይሁንና የአውሮፓ ኅብረት በ1997 እና በ2002 ዓ.ም. ለአጠቃላይ ምርጫ ታዛቢ ሲልክ፣ በ2000 እና በ2005 ዓ.ም. ለተካሄዱት የአካባቢ ምርጫዎች አልላከም።

«የሚያዩት የድምፅ መስጫውን ቀን ብቻ ነው» ለሚሉት ደግሞ፣ የረጅም ጊዜ ታዛቢዎች ከሳምንታት በፊት ገብተው የዕጩዎችን ምዝገባ፣ የምረጡኝ ቅስቀሳውንና የመገናኛ ብዙኃንን አጠቃቀም ይከታተላሉ። በ2002 ዓ.ም. የአውሮፓ ኅብረት ቡድን የድምፅ መስጫው ቀን በሰላም ማለፉን ተናግሮ ዋና ወቀሳውን ያቀረበው ውድድሩ በእኩል ሜዳ አልተካሄደም በሚል ነበር።

ወደ ዋናው ልመለስ። ብዙ ሰው የውጭ ታዛቢን ዳኛ ወይም ፖሊስ አድርጎ ያስበዋል፤ ጥፋት ካየ ድምፅ መስጠቱን ማስቆም፣ ሳጥኑን ማሸግ፣ ኃላፊውን ማንሣት የሚችል ይመስለዋል። ታዛቢው ይህን ማድረግ ይቅርና የጣቢያውን ሠራተኛ ማዘዝ እንኳ አይፈቀድለትም፤ በጥቅምት 1998 ዓ.ም. በተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ይፋ የሆነው የዓለም አቀፍ ምርጫ ትዝብት መርሖዎች መግለጫም ታዛቢዎች በሂደቱ ጣልቃ እንዳይገቡ ይከለክላል። ያየውን ይጽፋል፣ ይጠይቃል፣ ለቡድኑ ይልካል፤ ቡድኑ ከምርጫው በኋላ ባሉት ጥቂት ቀናት የመጀመሪያ መግለጫ፣ ከወራት በኋላ ደግሞ ሙሉ ሪፖርት ያወጣል።

ቍጥሩንም እናስላው። በ2002 ዓ.ም. ከ43 ሺህ በላይ የምርጫ ጣቢያዎች ነበሩ፤ የአውሮፓ ኅብረት ታዛቢዎች ግን 170 ገደማ ሲሆኑ የሚንቀሳቀሱት ሁለት ሁለት እየሆኑ ነው። እያንዳንዱ ጥንድ በቀን አሥር ጣቢያ ቢያዳርስ 850 ጣቢያ፣ ማለትም ከመቶ ሁለት ያህሉ ብቻ ይታያል። ሐይቁን በጀልባ ተሻግሮ ደሴት ላይ ያለ ጣቢያ የሚያይ ጥንድ ደግሞ አሥሩንም አያዳርስም።

በዘጌ አንድ የፓርቲ ወኪል እኔን ለብቻዬ ጠርተው፣ መራጮች ምልክት ሲያደርጉ አጠገባቸው የሚቆም ሰው እንዳለ ለታዛቢዎቹ እንድነግርላቸው ለመኑኝ። ነገርሁ። ታዛቢዋ ወኪሉን ሦስት ጊዜ ጠየቀቻቸው፣ ሰዓቱን ጭምር ጻፈች፣ ከዚያም ወደሚቀጥለው ጣቢያ ሄድን። ወኪሉ ከዓመታት በኋላ ባሕር ዳር ገበያ አግኝተውኝ «አይታችሁ እንዳላየ አለፋችሁ» ብለው ወቀሱኝ። «በዕለቱ ለጣቢያው አቤቱታ ሰሚ ኮሚቴ በጽሑፍ አመለከቱ ወይ?» ብዬ ጠየቅኋቸው። አላመለከቱም ነበር። የሰውየው ኀዘን እውነተኛ ስለሆነ እስከ ዛሬ ይሰማኛል፤ ሆኖም ሕጉ አቤቱታ የማቅረቡን መብት የሰጠው ለእርሳቸው እንጂ ለእንግዳዋ አልነበረም።

ከዚህ የሚነሣው ሌላው ስሕተት ታዛቢንና ወኪልን ማምታታት ነው። ወኪል የዕጩ ወይም የፓርቲ ጠበቃ ነው፤ ይከራከራል፣ ይቃወማል፣ ተቃውሞውን ያስመዘግባል። ታዛቢ፣ የአገር ውስጥም ይሁን የውጭ፣ ለማንም አይወግንም።

«ታዛቢዎች ካመሰገኑ ነገሩ አለቀ» የሚልም ካለ ኬንያን ይመልከት። በነሐሴ 2009 ዓ.ም. የውጭ ታዛቢዎች የድምፅ አሰጣጡን በመልካም ካነሡ በኋላ፣ በዚያው ወር የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት የፕሬዚዳንታዊ ምርጫውን ውጤት ሰርዟል። ፍርድ ቤቱ በዋናነት የፈተሸው ታዛቢዎቹ ያመሰገኑትን የድምፅ አሰጣጥ ሳይሆን ውጤቱ የተላለፈበትን መንገድና የውጤት ቅጾቹን ነበር።

ስለዚህ በጣቢያችሁ ወኪል ወይም የአገር ውስጥ ታዛቢ የምትሆኑ ሁሉ፣ ማታ ቆጠራው ሳያልቅ አትሂዱ። ፋኖስ ወይም ባትሪ ያዙ፣ ስንቅ ቋጥሩ፤ ከደሴት ወይም ከማዶ የመጣችሁም ጀልባ ያመልጠናል ብላችሁ እንዳትነሡ ማደሪያችሁን አስቀድማችሁ አዘጋጁ። ቅሬታ ካላችሁ ሰዓቱንና የሆነውን ጽፋችሁ ለአቤቱታ ሰሚ ኮሚቴው ስጡ፣ መቀበላቸውንም አስፈርሙ። በጣቢያው በር ላይ የሚለጠፈውን ውጤት ቍጥር በቍጥር ገልብጡ፤ በኋላ በምርጫ ክልሉ ደረጃ ከሚገለጸው ድምር ጋር የምታመሳክሩት እርሱን ነው።