ሥራ የሚውሉ ባልና ሚስት እና ውሻቸው፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

አዲስ አበባ ውስጥ ሁለቱም ሥራ የሚውሉ ባልና ሚስት ማለዳ ከቤት ወጥተው፣ የታክሲውን ሰልፍና የመንገዱን መጨናነቅ አልፈው ሲመለሱ አብዛኛውን ጊዜ መሽቷል። በዚህ ሩጫ መካከል ውሻ የሚያሳድጉ ጥንዶች ዛሬ ጥቂት አይደሉም፤ ውሻውም እንደ ድሮው በር ላይ የሚያድር ጠባቂ ብቻ ሳይሆን ሳሎን ምንጣፍ ላይ የሚተኛ፣ የቤቱ ሰው ወደ ግቢ ሳይገባ ገና የእግሩን ኮቴ የሚለይ የቤተሰብ አባል ሆኗል። ከጎረቤትና ከዘመድ የሚሰማው ምክር ግን በአብዛኛው ውሻ ቀን ታስሮ ሌሊት ይፈታ ከነበረበት ዘመን የመጣ ነው። ከዚህ በታች ከእነዚህ አመለካከቶች ዋና ዋናዎቹን እንመለከታለን፤ ሁሉም እኩል ክብደት ስለሌላቸው አንዳንዶቹን በአጭሩ እናልፋቸዋለን። የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

«ሁለቱም ሥራ የሚውሉ ከሆነ ውሻ ማሳደግ ግፍ ነው»

ይህ አባባል ከርኅራኄ የሚመነጭ በመሆኑ በቀላሉ የሚጣል አይደለም፤ ቡችላን በተመለከተ ደግሞ በአብዛኛው ትክክል ነው። የሁለት ወይም የሦስት ወር ቡችላ ሽንቱን ከጥቂት ሰዓታት በላይ መያዝ አይችልም፤ በቀን ሦስት አራት ጊዜ መመገብ ይኖርበታል፤ ሰውንና አካባቢውን የሚላመድበት ዋናው ጊዜም ይኸው የመጀመሪያዎቹ ወራት ጊዜ ነው። ስለዚህ ቀኑን ሙሉ ቤት የሚውል ሰው የሌላቸው ጥንዶች ቡችላ ከሚያመጡ አዋቂ ውሻ ቢወስዱ ይሻላቸዋል።

ጤነኛ አዋቂ ውሻ ግን ከሃያ አራቱ ሰዓት ግማሽ ያህሉን በእንቅልፍ የሚያሳልፍ እንስሳ ነው። ቀስ በቀስ ከተለማመደ፣ ውኃ ከቀረበለትና ከመውጣታቸው በፊት እግሩን ካፍታታ፣ የሥራ ሰዓትን ያለ ጭንቀት መዋል ይችላል። ከስምንት ሰዓት በላይ የሚቆዩ ከሆነ ግን በመካከሉ ከቤት የሚያስወጣው ሰው መኖር አለበት፤ ይህም የቤት ሠራተኛዋ፣ የግቢው ዘበኛ ወይም ከትምህርት ቤት የተመለሰ የጎረቤት ልጅ ሊሆን ይችላል። ውሻን ይበልጥ የሚያውከው የጊዜው ማነስ ሳይሆን መለዋወጡ ነው። ዛሬ አንድ ሰዓት ተጫውተውለት ነገና ከነገ ወዲያ ከሚዘነጉት፣ ባልየው በየማለዳው፣ ሚስትየዋ በየምሽቱ ግማሽ ግማሽ ሰዓት ቢሰጡት የበለጠ ይረጋጋል።

«ጫማዬን ያኘከው ሊበቀለኝ ነው፤ ጥፋቱንም ያውቃል»

ከሥራ የደከሙ ባልና ሚስት በሩን ሲከፍቱ የሚጠብቃቸው ትዕይንት የታወቀ ነው፦ ተረከዙ የተበላ ጫማ፣ የተዘረገፈ የትራስ ጥጥ፣ ከሶፋው ጥግ ደግሞ ጆሮውን ወደ ኋላ አጥፎ፣ ዓይኑን ከዓይናቸው አሽሽቶ፣ ጭራውን በእግሮቹ መካከል የወሸቀ ውሻ። «አየኸው፣ ያጠፋውን እኮ ያውቃል» ይባላል።

ይህንን የፈተነ ጥናት አለ። አሌክሳንድራ ሆሮዊትዝ የተባሉት ተመራማሪ በ2009 ባሳተሙት ሥራ የውሻ ባለቤቶች ውሻቸውን ምግብ እንዳይበላ ከልክለው ከክፍሉ እንዲወጡ አደረጉ፤ ሲመለሱም ውሻው በላ ወይም አልበላም ብለው ነገሯቸው፤ የነገሯቸው ግን ሁልጊዜ እውነቱን አልነበረም። ውሾቹ የጥፋተኝነት የሚመስለውን ገጽታ ያሳዩት ባለቤታቸው ሲቆጣቸው እንጂ በትክክል ሲያጠፉ አልነበረም፤ እንዲያውም ምንም ሳይበሉ የተቆጧቸው ውሾች ከሌሎቹ ይበልጥ አጎንብሰው ታይተዋል። ያ ገጽታ እንግዲህ የጸጸት ሳይሆን የሰውን ቁጣ ለማብረድ የሚደረግ የመለማመጥ ምልክት ነው። ከዚህ በፊት ጫማ ተበልቶ የተቆጡት ውሻ ደግሞ ገና በሩ ሲከፈት ያንን መልክ ይዞ ቢቀበል አያስገርምም።

ጫማው ለምን ተመረጠ? ብዙ ጊዜ የባለቤቱን ጠረን አጥብቆ ስለሚይዝ ነው። አንዳንዱ ውሻ የሚያኝከው ሥራ ፈትቶ፣ ሌላው ደግሞ ብቻውን መቅረቱ አስፈርቶት ነው፤ ሁለቱን መለየትም አስቸጋሪ አይደለም። ከባለቤቶቹ የመለየት ፍርሃት ያለበት ውሻ አብዛኛውን ጊዜ ጥፋቱን የሚያደርሰው ባለቤቶቹ ከወጡ በኋላ ባለው የመጀመሪያ ግማሽ ሰዓት ገደማ ነው፤ በሩን ይቧጭራል፣ ያላዝናል፣ ለሃጩን ያዝረበርባል። አሮጌ ስልክ ቪዲዮ እንዲቀርጽ ደግፎ መውጣት ነገሩን ግልጽ ያደርገዋል። መፍትሔውም መምታት አይደለም፤ ከሰዓታት በኋላ የሚመጣን ዱላ ውሻው ከጠዋቱ ጫማ ጋር ሊያገናኘው ስለማይችል የሚማረው ነገር ቢኖር የባለቤቱ መምጣት አስፈሪ መሆኑን ብቻ ነው። ለሁለት ደቂቃ ወጥቶ መመለስ፣ ከዚያ ለአምስት፣ ለአሥር፣ እያሉ ማለማመድ፣ ሲወጡም ሲገቡም ግርግር አለማብዛት፣ የሚታኘክ ጠንካራ መጫወቻ መተው ይረዳል። ሁለተኛ ውሻ ማምጣት ግን ብዙ ጊዜ መፍትሔ አይሆንም፤ ውሻው ያጣው ሌላ ውሻን ሳይሆን ሰዎቹን ነውና።

«ግቢ ካለው መውጣት አያስፈልገውም፤ ታስሮ ከዋለም ጎበዝ ጠባቂ ይሆናል»

ግቢ ለውሻ ሰፊ ክፍል ነው እንጂ ጉዞ አይደለም። የውሻ ዓለም የተሠራው ከጠረን ነው፤ በመንገድ ዳር አንዱን የግንብ ጥግ ለረጅም ጊዜ ሲያሸት ጊዜ እያባከነ ሳይሆን ማን እንዳለፈ እየመረመረ ነው። የጋራ መኖሪያ ቤት ውስጥ የሚኖሩ ጥንዶች ግቢ ስለሌላቸው ይሸማቀቁ ይሆናል፤ ነገር ግን በቀን ሁለት ጊዜ በገመድ ተይዞ ብሎኩን የሚዞር ውሻ፣ ዓመት እስከ ዓመት አንድ ግቢ ከሚያይ ውሻ የተሻለ ይኖራል።

ማሰርን በተመለከተ፣ ቀን በሰንሰለት የዋለ ውሻ የሚመጣበትን መሸሽ ስለማይችል መናከስን እንደ ብቸኛ አማራጭ ይማራል፤ ፈሪና ቁጡ ይሆናል እንጂ ጠባቂ አይሆንም። ለአላፊ አግዳሚው ሁሉ ስለሚጮህም የቤቱ ሰዎች ጩኸቱን መስማት ያቆማሉ፤ ሌባ የሚፈልገውም ይህንኑ ነው። ጆሮ መቁረጥም ሆነ ሚጥሚጣ ማብላት ሥቃይ ከመሆን አልፎ ለጥበቃ የሚጨምረው ነገር የለም።

«ውሻ ከእኛ የተረፈውን ቢበላ ይበቃዋል»

እዚህ ላይ ጠንቀቅ ማለት ያስፈልጋል፤ ምክንያቱም የእኛ ወጥ የሚጀምረው ከሽንኩርት ነው። ቀይ ሽንኩርትም ሆነ ነጭ ሽንኩርት የውሻን ቀይ የደም ሴሎች የሚጎዳ ንጥረ ነገር አላቸው፤ መቀቀል፣ መጥበስ ወይም ማቁላላት ይህንን አያጠፋውም። ጉዳቱ በአንድ ቀን ላይታይ ይችላል፤ በብዛት ወይም በተደጋጋሚ ከተበላ ግን ውሻው ይደክማል፣ ድዱ ይገረጣል፣ ሽንቱ ይጠቁራል። ስለዚህ የዶሮ ወጥ ለውሻ ሁለት ጊዜ አደገኛ ነው፦ አንደኛው በቁሌቱ፣ ሁለተኛው ደግሞ በአጥንቱ፤ የበሰለ የዶሮ አጥንት ሲሰበር ሹል ሆኖ አንጀት ሊወጋ ይችላል። ቸኮሌት፣ ዘቢብና ወይን፣ እንዲሁም በአንዳንድ ስኳር አልባ ማስቲካ ውስጥ የሚገኘው ዛይሊቶል የተባለ ማጣፈጫ ለውሻ መርዝ ናቸው።

በጾም ወራት የሚነሳው ጥያቄም ከዚሁ ጋር ይሄዳል። ውሻ እንደ ተኩላ ሥጋ ብቻ የሚበላ አይደለም፤ በ2013 ስዊድናውያን ተመራማሪዎች እንዳሳዩት፣ ከሰው ጋር በኖረባቸው ሺህ ዓመታት ስታርችን የመፍጨት አቅሙ ከተኩላ እጅግ በልጧል። ስለዚህ ሩዝ፣ ድንችና ዳቦ ይስማሙታል፤ ብቻቸውን ግን አይበቁትም። ባለቤቶቹ ቢጾሙም ውሻው ጾም የለበትምና፣ እንቁላል ወይም ያልቀመሙት ቅቅል ሥጋ ቢጨመርለት ለቤቱ ሥርዓት የሚያስነውር ነገር አይደለም።

ከሁሉም በላይ አደገኛው ልማድ ግን የበዓል ቀን የሚፈጸመው ነው። በጉ ታርዶ ሲበለት፣ ጉበቱ ወይም ሳንባው ላይ ውኃ የቋጠረ ነጭ ከረጢት ከተገኘ «ይህስ ለውሻው» ተብሎ ይወረወራል። ያ ከረጢት ኢኪኖኮከስ የተባለ ጥገኛ ትል እጭ መኖሪያ ነው። በውሻው አንጀት ውስጥ ያድጋል፤ እንቁላሉ በዓይነ ምድሩ ይወጣል፤ በእጅ፣ በአትክልት ወይም በውኃ አማካይነት ወደ ሰው ከገባ ደግሞ በሰው ጉበት ወይም ሳንባ ላይ ያንኑ ከረጢት ይፈጥራል፤ ይህም ለዓመታት ሳይታወቅ አድጎ ቀዶ ሕክምና ሊያስፈልገው ይችላል። እንዲህ ያለ ሆድ ዕቃ መቀበር ወይም መቃጠል አለበት። ውሻውም በእንስሳት ሐኪም ትእዛዝ በየጊዜው የትል መድኃኒት ይውሰድ።

«ከቤት የማይወጣ ውሻ ክትባት አያስፈልገውም»

በእብድ ውሻ በሽታ ጉዳይ ስሕተቱ ሕይወት ያስከፍላል። አዲስ አበባ ይህንን በሽታ ከመቶ ዓመት በላይ ታውቀዋለች፤ በውሾች ላይ የደረሰ ሰፊ ወረርሽኝ በ1903 ተመዝግቧል። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በሰው ላይ ከሚደርሰው የዚህ በሽታ ክስተት እስከ 99 በመቶው የሚመጣው ከውሻ ሲሆን፣ በዓለም ዙሪያ በየዓመቱ ወደ 59,000 የሚጠጋ ሰው እንደሚሞት ይገመታል። በሽታው የሚመጣው ከረሃብ፣ ከፀሐይ ወይም ከጥማት ሳይሆን በለሃጭ ከሚተላለፍ ቫይረስ ነው። ቤት የሚውለውም ውሻ የግቢው በር ክፍት ሲቀር ይወጣል፤ ወይም የባዘነ ውሻ ይገባበታል። ቡችላ ሦስት ወር ሲሞላው ይከተባል፤ ከዓመት በኋላ ይደገምለታል፤ ከዚያም ሐኪሙ በሚሰጠው ቀጠሮ ይቀጥላል። ክትባቱ ውሻን ያፈዝዛል የሚባለው መሠረት የለውም።

ውሻ የነከሰው ሰው በመጀመሪያ ቁስሉን በሳሙናና በሚፈስ ውኃ ለ15 ደቂቃ ያህል ማጠብ፣ ከዚያም ሳይውል ሳያድር ጤና ተቋም መሄድ አለበት። ምልክቱ ከታየ በኋላ የሚያድን ሕክምና የለም ማለት ይቻላል፤ ስለዚህ ወደ ጠበል ወይም ወደ ባህል ሐኪም የሚሄድ ሰው ቢኖር እንኳ ክትባቱን አስቀድሞ ይጀምር። በሆድ ዙሪያ ለብዙ ቀናት ይወጋ የነበረው የድሮው ክትባት ያስፈራቸው ሰዎች አሁንም ይሸሻሉ፤ ዘመናዊው ግን ክንድ ላይ በጥቂት ቀጠሮዎች የሚሰጥ ነው። የነከሰውን ውሻ ወዲያው መግደልም ትክክል አይደለም። ታስሮ ለ10 ቀን ጤነኛ ሆኖ ከቆየ፣ በነከሰ ጊዜ በሽታውን የማስተላለፍ ደረጃ ላይ እንዳልነበረ ይታወቃል፤ የተነከሰው ሰው ግን ይህንን እየጠበቀ ክትባቱን ማዘግየት የለበትም።

«አለቃው ማን እንደሆነ በጉልበት ካላሳየኸው ይንቅሃል»

የዚህ አስተሳሰብ ምንጭ የእንስሳት ጠባይ ተመራማሪው ሩዶልፍ ሼንክል በ1947 በስዊዘርላንድ ባዝል መካነ እንስሳት ስለታጎሩና ከተለያየ ቤተሰብ ስለመጡ ተኩላዎች የአለቅነት ፉክክር የጻፉት ነው። ሐሳቡን በ1970 በመጽሐፋቸው ካስፋፉት አንዱ የሆኑት የተኩላ ተመራማሪው ዴቪድ ሜች፣ በዱር ያሉትን ካጠኑ በኋላ በ1999 ራሳቸው አርመውታል፤ የዱር ተኩላ መንጋ በአብዛኛው እናት፣ አባትና ልጆች ያሉበት ቤተሰብ እንጂ ለአለቅነት የሚፋለም ጭፍራ አይደለም። ባልና ሚስቱ ቤት ውስጥ የሚታየው «ንቀት» ደግሞ ብዙ ጊዜ የሁለቱ አለመስማማት ነው፦ እርሱ ሶፋ ላይ እያስተኛ፣ እርስዋ «ውረድ!» እያለች፣ እርሷ ከማዕድ እንዳይበላ ስትከለክል፣ እርሱ ከጠረጴዛው ሥር እየጣለለት። ሁለቱ በአንድ ቃልና በአንድ ደንብ ከተስማሙ ጉልበት አያስፈልግም።

በአጭሩ የሚታለፉ

አፍንጫው ሲደርቅ ታሟል ማለት አይደለም፤ ከእንቅልፍ ሲነሳም ይደርቃል። ጭራ መቁላትም ሁልጊዜ ደስታ አይደለም፤ ሰውነቱን አደንድኖ ጭራውን ቀጥ አድርጎ የሚወዘውዝ ውሻ ሊናከስ ይችላል። ጥቁርና ነጭ ብቻ ያያል የሚባለውም ስሕተት ነው፤ ሰማያዊና ቢጫን ይለያል፣ ቀይና አረንጓዴን ግን ያምታታል።

«ሚስት ካረገዘች ውሻው ከቤት መውጣት አለበት»

አማትና እናት አንድ ላይ የሚቆሙበት ርዕስ ይህ ነው። ለጽንስ የሚያሰጋው ቶክሶፕላዝማ የተባለው ጥገኛ ተሕዋስ እንቁላሉን የሚጥለው በድመት ዘር አንጀት ውስጥ እንጂ በውሻ ውስጥ አይደለም፤ ወደ ነፍሰ ጡር ሴት የሚገባውም በአብዛኛው ባልበሰለ ሥጋ፣ በደንብ ባልታጠበ አትክልትና በተበከለ አፈር ነው። አስም ያለበትን ሰው ሕመም የሚቀሰቅሰውም የውሻው ፀጉር ራሱ ሳይሆን በምራቁና ከቆዳው በሚረግፈው ቅርፊት ላይ ያለው ፕሮቲን በመሆኑ፣ ፀጉሩ አጭር የሆነ ውሻም ሊቀሰቅሰው ይችላል፤ አለርጂው በሐኪም ከተረጋገጠ ውሻው መኝታ ክፍል አለመግባቱ ቢያንስ አስፈላጊ ነው።

እውነተኛው ሥራ ያለው በዝግጅቱ ላይ ነው። ትሉና ቁንጫው ከመውለድ በፊት ይታከም፤ ከሕፃኑ ጋር የሚለወጠው ሥርዓት፣ ለምሳሌ መኝታ ክፍል አለመግባቱ ወይም የሚያወጣው ሰው መቀየሩ፣ ወራት ቀድሞ ይጀመር፤ አለበለዚያ ውሻው የሚያጣውን ነገር ሁሉ ከአዲሱ ሕፃን መምጣት ጋር ያገናኘዋል። አራሷ ከሐኪም ቤት ስትመለስ ባልየው ሕፃኑን ይቀበላትና እርሷ ባዶ እጇን ቀድማ ገብታ ውሻውን ሰላም ትበለው። ከዚያ በኋላ ውሻው የቱንም ያህል ገራም ቢሆን፣ ሕፃኑ አድጎ ራሱን እስኪጠብቅ ድረስ ሁለቱን ለአንዲት ደቂቃም ብቻቸውን መተው አይገባም።