«ከርሞ ጥጃ»፦ ትርጉሙ፣ መነሻውና በኳስ ሜዳ ያገኘው ቦታ

ዓመት ዓመትን ሲተካ ከነበረበት ፈቀቅ ለማይል ሰው፣ ሥራ ወይም ድርጅት የሚነገር አጭር አነጋገር አለን፤ «ከርሞ ጥጃ» ይባላል። እዚያው ክፍል ላይ ደጋግሞ የሚቀር ተማሪ፣ ዕድሜ ልኩን ነግዶ ከመደብ ወደ ሱቅ መግባት ያቃተው ነጋዴ፣ መሠረቱ ከተጣለ ዘመን አልፎት ግድግዳው ከመስኮት በላይ ያልወጣ ሕንፃ፣ ሁሉም «ከርሞ ጥጃ ሆኖ ቀረ» ይባልላቸዋል። አነጋገሩ ሙሉ ዓረፍተ ነገር ስላልሆነ በጥብቅ ከተመደበ ፈሊጥ ነው፤ ሆኖም በሁለት ቃል የሚያስቀምጠው ሥዕል የአንድ ተረት ያህል ስለሚናገር ብዙ ሰው ከተረትና ምሳሌ ጋር አብሮ ይቆጥረዋል። እኔ ይህን አነጋገር በደንብ የተማርኩት ከመጽሐፍ ሳይሆን ሐዋሳ ውስጥ፣ ከሃያ ዓመት በላይ በተመላለስኩበት የኳስ ሜዳ መቀመጫ ላይ ነው፤ የሚነገረውም ስለ ከተማችን ቡድን ነበር።

«ከርሞ» የሚለው ቃል «ከረመ» ከሚለው ግስ የወጣ ነው። ከረመ ማለት ክረምቱን አሳለፈ፣ ዓመት ቆየ ማለት ሲሆን «ክረምት» የሚለው ስምም የዚያው ግስ ቤተሰብ ነው። ለአርሶ አደርና ለከብት አርቢ ዘመን የሚቆጠረው በክረምት ስለሆነ፣ አንድ እንስሳ ከረመ ከተባለ ዝናቡን ችሎ፣ ጭቃውንና ብርዱን አልፎ ለአዲስ ዓመት ደረሰ ማለት ነው። ጥጃ ደግሞ በአማርኛ ስሙ ከዕድሜው ጋር የሚለወጥ ፍጥረት ነው፤ ሲወለድ እንቦሳ ይባላል፣ ጠንከር ሲል ጥጃ፣ ጡት ትቶ ሣር ላይ ሲሰማራ ሴቷ ጊደር፣ ወንዱ ወይፈን፣ ከዚያም ላምና በሬ ይሆናሉ። ስለዚህ አነጋገሩ ሲፈታ «ክረምቱን ከርሞም ያው ጥጃ ነው» የሚል ትርጉም ይሰጣል። ጥጃ በጊዜው ጥጃ ቢባል ነውር የለበትም፤ ነውሩ አዲስ ስም የሚገባው ወቅት ደርሶ በአሮጌው ስም መጠራቱ ነው።

አንዳንድ ሰው «የከርሞ ጥጃ» ሲል ይሰማል። ቃል በቃል ከሄድን ይህ ሌላ ነገር ይሆናል፤ ምክንያቱም «ከርሞ» ከግስነቱ ሌላ የሚመጣውን ዓመት የሚጠራ ቃልም ነው። አምና ያለፈው ነው፣ ዘንድሮ ያለንበት ነው፣ ከርሞ የሚመጣው ነው። በበዓል ዋዜማ ደመራው ሲያልቅ፣ ችቦው ሲጠፋ «የከርሞ ሰው ይበለን» የምንባባለው ለሚቀጥለው ዓመት በሕይወት ያድርሰን ለማለት ነው። እንግዲህ «የከርሞ ጥጃ» ገና ያልተወለደ፣ በተስፋ የሚጠበቅ ጥጃ ነው ማለት ይቻላል፤ «ከርሞ ጥጃ» ግን የተወለደ፣ የከረመ፣ ሳያድግ የቀረ ነው። በአንድ ፊደል ልዩነት ተስፋውና ምሬቱ ጎን ለጎን ተቀምጠዋል፤ ለረጅም ዘመን አንድ ቡድን የደገፈ ሰው ኑሮ በእነዚህ በሁለቱ መካከል የሚመላለስ መሆኑን ሳስብ ቋንቋችን ይህን አስቀድሞ ያወቀ ይመስለኛል። በሰኔ ወይም በሐምሌ ሊጉ ሲጠናቀቅ «ከርሞ ጥጃ» ብለን እንበታተናለን፤ መስከረም ሲጠባ «ለከርሞ ያልነው ይኸው ደረሰ» ብለን እንሰበሰባለን።

የአነጋገሩን ጥልቅ ትርጉም የገለጡልኝ በየጨዋታው አጠገቤ የሚቀመጡ አንድ ሽማግሌ ነበሩ። ልጅነታቸውን በሲዳማ ገጠር ከብት ሲጠብቁ ያሳለፉ፣ በኋላ ከተማ ገብተው ያረጁ ሰው ናቸው፤ እኔ ጋሼ እላቸዋለሁ፣ እሳቸው ልጄ ይሉኛል። አንድ እሑድ ቡድናችን አንድ ለዜሮ እየመራ ሰዓቱ ሊያልቅ ጥቂት ደቂቃ ሲቀረው፣ ከማዕዘን የተሻማ ኳስ ማንም ያልያዘው ተጫዋች ጋ ደርሶ መረባችን ውስጥ ገባ። ጋሼ በጋዜጣ ጥቅል የገዙትን ለውዝ ልጣጩን በአውራ ጣታቸው እያሹ ነበር፤ ጣታቸው ቆመ፣ የተፈተገው ለውዝ መዳፋቸው ላይ ቀረ። ከኋላችን አንድ ወጣት «አዬ፣ ከርሞ ጥጃ!» ብሎ ጮኸ። ጋሼ ዞር አሉና በተረጋጋ ድምፅ «ጥጃውን ምን አድርግ ትለዋለህ፣ ልጄ? ላሚቱን ማን አልቦ እንደጨረሳት ጠይቅ እንጂ» አሉት። ወጣቱ አልመለሰም፤ እኔ ግን ያንን ቃል ይዤ ወደ ቤቴ ገባሁ።

በሚቀጥለው ጨዋታ ነገሩን እንዲያብራሩልኝ ጠየቅኋቸው። የሀገራችን ላም ጥጃዋ ሳይቀርባት ወተቷን በቀላሉ አትሰጥም። ስለዚህ አላቢው መጀመሪያ ጥጃውን ፈትቶ ይለቃል፣ ጥጃው ጡቱን ጥቂት ጠባ ጠባ ያደርጋል፣ ወተቱ መውረድ ሲጀምር አላቢው ጥጃውን ጎትቶ እናቱ ፊት ያስረውና ቅሉን ይሞላል፤ ሲጨርስ የተረፈውን እንዲጠባ ይለቀዋል። ጥሩ አርቢ አንዱን ጡት ለጥጃው ይተዋል። ችኩል አርቢ ግን የዛሬውን ቅል ለመሙላት ብሎ አንጠፍጥፎ ያልባል፣ ጥጃውም አጥንቱ እየወጣ፣ ጠጉሩ እየቆመ ክረምቱን ይወጣል። በዓመቱ ጎረቤት መጥቶ «ይሄ ጥጃ አላደገም እኮ» ሲል፣ ያ አርቢ ከሁሉ ቀድሞ «ከርሞ ጥጃ ነው» ብሎ እንስሳውን ይወቅሳል። ጋሼ ይህን ሲነግሩኝ ፊታቸው ላይ ቁጭት ነበር፤ ምናልባት አንድ የሚያስታውሱት ጥጃ ሳይኖራቸው አልቀረም።

እኔም ከዚያ ወዲህ አነጋገሩ በተሳሳተ አቅጣጫ እየተወረወረ እንደኖረ አምናለሁ። መዝገበ ቃላታዊ ትርጉሙ የማያድገውን ይነቅፋል፤ የበረት ትርጉሙ ግን የሚያሳድገውን ይጠይቃል።

በእግር ኳሳችን ቋንቋ ይህ ይበልጥ ይታያል። ከታችኛው ሊግ ወደ ላይኛው የሚወጣ ቡድን «አደገ» ይባላል፣ የወጣቶቹ ቡድን «ታዳጊ» ይባላል፣ ከእነሱ ከፍ ያሉት «ተስፋ ቡድን» ይባላሉ። ቃላቱ ሁሉ ከማደግና ከተስፋ የተቀዱ ናቸው። የማደግ አቅምም በሐዋሳ ጠፍቶ አያውቅም። ከዚህች ከተማ የወጣው አዳነ ግርማ በ2005 ዓ.ም. ኢትዮጵያ ከ31 ዓመት በኋላ ወደ አፍሪካ ዋንጫ ስትመለስ በዛምቢያ ላይ የአቻነቷን ጎል አስቆጥሯል፤ ሌላው የሐዋሳ ልጅ ሽመልስ በቀለ እዚሁ ጀምሮ ለዓመታት በግብፅ ሊግ ተጫውቷል። የፕሪሚየር ሊጉ ዋንጫም በ1996 እና በ1999 ዓ.ም. ሁለት ጊዜ ከአዲስ አበባ ወጥቶ ወደ ሐዋሳ መጥቷል። ይህን ያየ ሰው የዘንድሮውን አቻና ሽንፈት ሲያይ የሚያመው፣ ጥጃው በሬ ሲሆን በዓይኑ ስላየ ነው። አይቶ የማያውቅ ሰው የሚናፍቀው ነገር የለውም።

ታዲያ ምን ይሆናል? የሊጉ ዕረፍትና የተጫዋች ዝውውር የሚደራው በክረምት ነው። የአብዛኞቹ ክለቦች ገንዘብ ከከተማና ከክልል በጀት የሚመጣ ሲሆን የበጀት ዓመቱም የሚጀምረው ሐምሌ 1 ቀን ነው። ስለዚህ በሀገራችን በርካታ ክለቦች ዘንድ እንደተለመደው ክረምት በመጣ ቁጥር የአጭር ጊዜ ውል ያላቸው ተጫዋቾች ይሄዳሉ፣ ሌሎች ይመጣሉ፣ አሠልጣኝ ይቀየራል፣ መስከረም ላይ ሃያ እንግዳ ሰዎች በአንድ ማልያ ይሰለፋሉ። አዲሱ አሠልጣኝ ሦስት ጨዋታ ከተሸነፈ መንበሩ ስለሚነቃነቅ፣ የአሥራ ስምንት ዓመት ልጅ አስገብቶ ስህተቱን የሚታገሥበት ጊዜ የለውም፤ ለዛሬው ቅል የሚሆነውን ያልባል። ከረመ የሚባለው ነገር ራሱ ይጠፋል፤ የከረመ ተጫዋች፣ የከረመ ጥምረት፣ የከረመ የጨዋታ መልክ አይገኝም። ጥጃው በየክረምቱ እንደ አዲስ ይወለዳል፣ እኛም በየሰኔው ለምን አላደገም ብለን እንገረማለን። ጋሼ ሩቅ ሀገር ሄዶ ተጫዋች መፈለጉን ሲሰሙ «ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ» ይላሉ፤ እኔ እስከዚያ አልሄድም፣ ከሌላ ቦታ መጥተው ለዚህች ከተማ ላባቸውን ያፈሰሱ ተጫዋቾችን አይቻለሁና። ነገር ግን ኩበቱ ደጃችን ተነጥፎ ሳለ ርቆ መልቀሙ እኔንም ያሳዝነኛል።

ከ2013 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ ሌላ ነገር ተጨምሯል። ጨዋታዎች በቴሌቪዥን መተላለፍ ሲጀምሩ ሊጉ በተመረጡ ከተሞች በዙር እንዲካሄድ ተደረገ። ሜዳው የተሻለ ሆነ፣ ጨዋታውም በመላው ሀገሪቱ ታየ፤ ይህን አልክድም። ሆኖም ውድድሩ ሌላ ከተማ ሲሆን እኛ ፒያሳ አንድ ካፌ ውስጥ ከስክሪን ፊት እንቀመጣለን፣ ቡድናችን በጥቂት ሰው ፊት በባዶ መቀመጫ መካከል ይጫወታል። ጋሼ ይህንንም በበረት ቋንቋ ገለጹት፤ «ጥጃው ሌላ ቤት ታስሮ ላሚቱን እዚህ እለባታለሁ ማለት ነው» አሉኝ። ደጋፊው ፍቅር የሚወርድለት ልጁን አጠገቡ ሲያየው፣ ሲያሸተው፣ ስሙን ጠርቶ ሲገሥጸው ነው። ድሮ ወደ ሜዳ ስንሄድ ከሐይቁ በኩል የሚመጣው ነፋስ አቧራውን ያነሣ ነበር፣ ባጃጆቹ ከበሩ ራቅ አድርገው ያወርዱን ነበር፣ ዘፈኑ ከውጭ ይሰማን ነበር። አሁን ካፌው ውስጥ ጎል ሲገባብን አስተናጋጇ ማኪያቶ ይዛ በመካከላችን ታልፋለች።

በዚህ ሁሉ መካከል ሰው «ለምን አትተወውም?» ይለኛል። ባለቤቴ ጠይቃኛለች፣ በሥራ ቦታም ተጠይቄአለሁ፤ ለሚጠይቀኝ ሁሉ «ለላም ቀንዷ አይከብዳትም» እላለሁ። ይህ ምሳሌ የራስ የሆነ ነገር ሸክም አይሆንም ማለት ነው፤ እናት ልጇን፣ ሰው ወገኑን ስለ መሸከሙ ይነገራል። በእውነት ለመናገር ግን በአንዳንድ እሑድ ይከብዳል። ቢከብድም አውልቄ የማስቀምጥበት ቦታ አላውቅም፤ አብሮኝ የበቀለ ነውና።

ያለፈው የውድድር ዓመት የመጨረሻውን ጨዋታ ከጋሼ ጋር በዚያው ካፌ አየን። ዜሮ ለዜሮ አለቀ፤ ቡድናችን አልወረደም፣ አላደገምም። ቲቪው ተዘጋ፣ ሰው ወንበሩን ወደ ጠረጴዛው እየገፋ ወጣ። ውጭ ዝናቡ መጣል ጀምሮ ነበርና ጋሼ ኮታቸውን ወደ ራሳቸው ስበው በሩ ላይ ቆሙ። ከወጣቶቹ አንዱ ያንኑ ቃል ሊናገር አፉን ሲከፍት አየሁት፤ እሳቸው ግን ቀድመው ትከሻውን ያዙና «በል ልጄ፣ የከርሞ ሰው ይበለን» አሉት። ልጁ ጥቂት ዝም ብሎ ቆየ፤ ከዚያ ባርኔጣውን አውልቆ «አሜን» አለ።