ለጦርነት የታጠቁ የዓሣ መርከቦች

የእንግሊዝ ባሕር ኃይል በሁለቱም የዓለም ጦርነቶች ትሮለር የሚባሉትን መረብ ጎታች የዓሣ መርከቦች በመቶዎች እየወሰደ አስታጥቋል። መነሻው ከ1904 እስከ 1905 (እ.ኤ.አ.) የተካሄደው የሩሲያና የጃፓን ጦርነት ነው፤ በዚያ ጦርነት የባሕር ፈንጂ ግዙፍ የጦር መርከቦችን ሳይቀር አስጥሟል። ከባድ መረብ ከባሕር ወለል ላይ የሚጎትት መርከብ ደግሞ የፈንጂ መጥረጊያ ሽቦ መጎተት አያቅተውም። ገመድ መጠቅለያው ማሽን (ዊንች) አለ፣ ሠራተኛውም ሥራውን ያውቃል።

ለውጡ ከዓሣ ማከማቻው ይጀምራል፤ እሱ የመርከበኞች ማደሪያና የጥይት ግምጃ ቤት ይሆናል። ዓሣውና በረዶው ወጥቶ ከላይ መድፍ ሲጫን የመርከቧ ሚዛን ስለሚዛባ ከታች ማመዛዘኛ ክብደት ይጨመርላታል። ከፊት 12 ፓውንድ የሚመዝን ጥይት የሚተኩስ ወይም የአፈሙዙ ስፋት 4 ኢንች የሆነ መድፍ ይተከላል። በሁለተኛው ጦርነት ደግሞ ከኋላ ሰርጓጅ መርከብ የሚመታበት፣ ውኃ ውስጥ ሰምጦ የሚፈነዳ የጥልቅ ውኃ ቦምብ፣ ከሥር አዝዲክ የተባለው በድምፅ ሞገድ ሰርጓጅ የሚፈልግ መሣሪያ ነበራቸው።

ጠረጋው መጀመሪያ ሁለት መርከቦች አንድ ሽቦ በመካከላቸው ዘርግተው የሚጎትቱት ነበር። በኋላ ኦሮፔሳ በተባለችው ትሮለር የተሞከረው ዘዴ አንዷን መርከብ ብቻዋን አበቃት፦ ከውኃ በታች የሚጎተት ሰሌዳ ሽቦውን ወደ ጎን ይገፋል፣ ተንሳፋፊው ጫፉን ያሳያል። የፈንጂው መልሕቅ ገመድ በሽቦው ላይ እየተንሸራተተ መቁረጫው ጋ ሲደርስ ይበጠሳል። ብቅ ያለውን ፈንጂ በጠመንጃ ይመቱታል፤ ቀንዱ ከተነካ ይፈነዳል፣ ካልሆነም ተበስቶ ውኃ ሞልቶት ይሰምጣል።

ትልቁ ችግር የመርከቧ የኋላ ክፍል ውኃ ውስጥ ጠልቆ መግባቱ ነው። ባሕሩ ሲጎድል ልትጠርገው የመጣችውን ፈንጂ ራሷ ትነካዋለች። ፍጥነቷም ከ10 እስከ 12 ኖት (በሰዓት 20 ኪሎ ሜትር ገደማ) በመሆኑ ከውኃ በላይ የሚሸሽ ሰርጓጅ ያመልጣታል፤ ቦምቡ ቅርብ ጥልቀት ላይ እንዲፈነዳ ከተስተካከለም ሳትርቅ የገዛ ጀርባዋን ይመታል።

ይህ ሁሉ ጉድለት እያለባት ሙንስቶን የተባለችው ትሮለር ሰኔ 19 ቀን 1940 (እ.ኤ.አ.) ኤደን አካባቢ ከምፅዋ የወጣችውን የኢጣሊያ ሰርጓጅ ጋሊሌዮ ጋሊሌይን ማረከች። የጥልቅ ውኃ ቦምቡ ሰርጓጇን ወደ ላይ አወጣት። ጠላት ሁለት ባለ 100 ሚሊሜትር መድፍ ነበራት፤ ትሮለሯ ግን ተጠግታ መድፈኞቹን በመትረየስ እያስጨነቀች በባለ 4 ኢንቹ መድፍ ማማዋን መታች። የሰርጓጇ አዛዥ ከተገደለ በኋላ እጅ ሰጠች፣ ወደ ኤደንም ተጎተተች። ውስጧ የተገኙት ሰነዶች ሌሎች የኢጣሊያ ሰርጓጆችን ለማደን ጠቅመዋል።