፪፼፲፰ ስንት ነው?

ባለፈው ሰሞን ደሴ ፒያሳ ሻይ እየጠጣሁ አንድ ወዳጄ የሰርጉን መጥሪያ ሰጠኝ። ካርዱ ያምራል፤ ጠርዙ ወርቃማ ነው። ቀኑን ሳየው ግን ሻዩ ትን አለኝ። «ጥር ፲፯ ቀን ፪፼፲፰ ዓ.ም» ይላል።

«እንኳን ደስ አለህ፤ ግን ሰርግህ በ20,018 ነው፤ ገና 18 ሺህ ዓመት ይቀርሃል» አልኩት። እሱ ሳቀ። እኔ ታፔላ እየጻፍኩ የኖርኩ ሰው ስለሆንኩ አልሳቅኩም። ይህችን ስህተት ስንት ባነር ላይ እንዳየኋት እኔ ነኝ የማውቀው።

፼ ሺህ አይደለም። እልፍ ነው፤ 10,000። ጠጋ ብላችሁ እዩት፤ ሁለት ፻ እጅ ለእጅ ተያይዘው ቆመዋል። መቶ ጊዜ መቶ ማለት ነው። ሺህ በግዕዝ የራሱ ምልክት የለውም። ዐሥር መቶ ተብሎ ፲፻ ይጻፋል። 2018 እንግዲህ ሃያ መቶ ዐሥራ ስምንት ነው፤ ፳፻፲፰። አለቀ።

አላለቀም እንጂ። በቀደም ዕለት አንዱ «ግዕዝ ዜሮ ስለሌለው ጎዶሎ ነው፤ እኛው እናሟላለት» ሲል ሰማሁ። ያሟላው ደግሞ ፪0፩፰ ብሎ ነው። ወንድሜ፣ ምኑ ነው የጎደለው?

ነገሩን በብር እንየው። የ208 ብር ዕቃ ገዛህ እንበል። ሁለት ባለመቶና ስምንት ብር ትሰጣለህ። «ዐሥር ቤቱ ባዶ ነው» ብለህ ባዶ ወረቀት ጨምረህ ለባለሱቁ ትሰጠዋለህ? አትሰጥም። ግዕዝም እንዲሁ ነው፤ ፪፻፰። ያለውን ይቆጥራል፣ የሌለውን ዝም ይላል። ዜሮ የሚያስፈልገው 2፣ 0፣ 8 እያልክ ቦታ ይዘህ ስትጽፍ ነው።

ከ፻ በፊት የቆመው ደግሞ የኖቱ ብዛት ነው። ፳፻ ሃያ ባለመቶ ነው፤ 2,000። ፻፳ ግን አንድ ባለመቶ ከሃያ ብር ጋር ነው፤ 120። ባንክ መቶ ባለመቶ በአንድ ላይ አስሮ ሲሰጥህ ያ እስር ፼ ነው። የ30 እና የ70 ብር ኖት የታለ የምትሉኝ ካላችሁ፣ ልክ ናችሁ፤ ብራችን የለውም። ግዕዝ ግን ለ፴ም ለ፸ም ኖት አትሟል። ጠቅላላው 20 ምልክት ነው። ፪0፩፰ እንግዲህ ግማሽ ብርና ግማሽ ዶላር በፕላስተር አጣብቆ ገበያ እንደመውጣት ነው።

ከሮማ ቁጥር ጋር የሚያምታቱትም አሉ። ሮማውያን 4ን ሲጽፉ አንዷን ከአምስት በፊት አቁመው ይቀንሳሉ። ግዕዝ ቅነሳ አያውቅም፤ ለአራት ፬ አለው። የቁጥሮቹ አመጣጥም ከሮማ ሳይሆን ከግሪክ ፊደላት ነው።

አንድ ጊዜ ደግሞ የሰኞ ገበያ ደንበኛዬ ስልክ ቁጥሩን በግዕዝ ጻፍልኝ አለኝ። አይሆንም ብዬ ተጣላን። ስልክ ቁጥር ብዛት አይደለም፣ የአሃዞች ሰልፍ ነው። ዘጠኝ መቶ ምናምን ሚሊዮን ብሎ የሚደውል ሰው አለ? ደግሞ ከፊት ያለችውን ዜሮ የት ላድርጋት?

ከሁሉ የሚያበሽቀኝ ግን ሌላ ነው። ቁጥሩን ግዕዝ ማድረግ ዘመኑን የእኛ አያደርገውም። እዚሁ ወሎ ውስጥ የተፈረመውን የውጫሌ ውል ውሰዱ። 1881 ዓ.ም ነው፤ ፲፰፻፹፩። አንዱ ከፈረንጅ መጽሐፍ 1889ን አንሥቶ ፲፰፻፹፱ ዓ.ም ብሎ ቢጽፍ፣ አጻጻፉ አንድ እንከን የለውም። ግን አድዋ ፲፰፻፹፰ ነው። ሰውዬው ውሉን ጦርነቱ ካለቀ በኋላ አስፈረመው ማለት ነው!

ከሙያዬ ሁለት ነገር ልጨምር፣ ማንም ባይጠይቀኝም። ፷ እና ፸ን ድንጋይ ላይ ስታስቀርጹ አጠገቡ ቁሙ። ቀራጩ ከተሳሳተ ሟች ዐሥር ዓመት ይጨመርለታል ወይ ይቀነስበታል። ደግሞ አሮጌ ጽሑፍ ላይ ፲ወ፰ የሚል ብታዩ አትደንግጡ። ወ ቁጥር አይደለችም፣ «እና» ማለት ናት። ዐሥር እና ስምንት።

ለወዳጄ የቀሩት ካርዶች ላይ ፳፻፲፰ የሚል ትንሽ ስቲከር ለጥፌለታለሁ። ኮምቦልቻ ለዘመዶቹ የተበተኑት ግን እንደተበተኑ ናቸው። አጎቱ ደውለው «ልብሱን አሁን ላሰፋ ወይስ ይቆየኝ?» ብለውታል አሉ።