«ሴሊናዊ» አጻጻፍ ምንድን ነው?

አንድ ደራሲ «ሴሊናዊ ነው» ከተባለ ጨለማ ነገር ስለጻፈ ብቻ አይደለም። ጨለማ የሚጽፍ ሞልቷል። ዋናው ነገር ድምፁ ነው። ከሰው ተስፋ የቆረጠ ተራኪ እየተሳደበና እያሳቀ ፊት ለፊት የሚያወራችሁ ይመስላል።

ስሙ የመጣው ከፈረንሳዊው ሐኪምና ደራሲ ሉዊ-ፈርዲናን ሴሊን (1894–1961 እ.ኤ.አ.) ነው። በ1932 የወጣው «ጉዞ ወደ ሌሊቱ ዳርቻ» የሚጀምረው «ነገሩ የጀመረው እንዲህ ነው» ብሎ ነው፤ በመንገድ ወሬ ቋንቋ። ባርዳሙ የሚባል ወጣት ፓሪስ ውስጥ ካፌ ተቀምጦ ከጓደኛው ጋር ሲከራከር ወታደሮች በሰልፍ ያልፋሉ። ባርዳሙ ብድግ ብሎ ይከተላቸዋል። መጀመሪያ ሕዝቡ በየመንገዱ ያበረታታቸዋል። ከዚያ ሰዉ እየሳሳ ይሄዳል። ዝናብ ይመጣል። ሙዚቃው ይቆማል። ልመለስ ሲል በሩ ከኋላው ተዘግቷል። አለቀ፣ አንደኛው የዓለም ጦርነት ውስጥ ገባ! አሳዛኝ ነው፤ ግን ያስቃል።

በ1936 ካወጣው ሁለተኛ ልብ ወለዱ ጀምሮ ደግሞ ዓረፍተ ነገሮቹን በሦስት ነጥብ ይቆራርጣቸው ጀመር... ትንፋሽ እንዳጠረው ሰው... ብዙዎች ተቹት። እሱ ግን ጽሑፉን ከሜትሮ (ከፓሪስ የምድር ውስጥ ባቡር) ጋር አመሳስሎ፣ ነጥቦቹ ሐዲዱ የሚያርፍባቸው ርብራቦች ናቸው ብሎ ተከራከረ።

ተከታዮቹ ነጥቦቹን ብዙም አልፈለጓቸውም። ሴሊንን ሲያወድስ የኖረው አሜሪካዊው ቻርልስ ቡኮውስኪ በ1971 ያወጣውን «ፖስታ ቤት» የሚከፍተው «የጀመረው በስህተት ነው» ብሎ ነው። ከሴሊን መክፈቻ ጎን ብታስቀምጡት ዝምድናው ወዲያው ይታያችኋል። ልዩነቱ፣ ሴሊን ሲናደድ ይጮኻል፤ ቡኮውስኪ ትከሻውን ነቅነቅ አድርጎ ቢራውን ይከፍታል። ሌላው አሜሪካዊ ደራሲ ከርት ቮኔጋት ከሁለቱም ይለሰልሳል። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የጀርመኗን ከተማ የድሬስደንን የአየር ድብደባ ከሥር ሆኖ ያየ የጦር ምርኮኛ ነበር። በ«ቄራ ቁጥር አምስት» (1969) ሴሊንን በስም ያነሳዋል፤ ሰው በሞተ ቁጥር ደግሞ «እንዲህ ነው እንግዲህ» ብሎ ያልፋል። ለእኔ የሴሊንን ሳቅ በደንብ የወረሰው እሱ ነው።

ሌላም ጉድ አለ። ሴሊን ከ1937 ጀምሮ አይሁዶችን የሚያጥላሉ፣ ጥላቻ የሞላባቸው መጻሕፍት ጽፏል። ጀርመኖች ሲሸነፉ ሸሸ፤ ዴንማርክ ውስጥ ታሰረ። በ2011 የፈረንሳይ ባህል ሚኒስቴር ስሙን ከብሔራዊ መታሰቢያዎች ዝርዝር ሰርዞታል። ቮኔጋት የሴሊንን ጥላቻ እያወቀ ለሴሊን የመጨረሻ ልብ ወለዶች መግቢያ ጽፏል። አይሁዳዊው አሜሪካዊ ደራሲ ፊሊፕ ሮዝም ጥላቻውን እየተጸየፈ ልብ ወለዶቹን ማድነቁን አልተወም።