ኦርጋኒክ ጽጌረዳ ምንድን ነው?

አዲስ አበባ ውስጥ ጽጌረዳ ብርቅ አይደለም። ደጋው ይስማማዋል፤ አጥር ተደግፎ ዓመቱን ሙሉ ሲያብብ ይኖራል። ባለቤቱን «ኦርጋኒክ ነው?» ብትሉት መልሱ የታወቀ ነው፤ «አዎ፣ ምንም አልረጨሁበትም።»

ምንም አለመርጨት ብቻውን ኦርጋኒክ አያሰኝም። የተረሳ ጽጌረዳም እኮ ምንም አልተረጨበትም። ኦርጋኒክ አተካከል ሥራ አለው። ተክሉን በፋብሪካ ማዳበሪያ ከመቀለብ ይልቅ አፈሩን መቀለብ ነው። ተባዩንም በመርዝ ከመፍጀት ይልቅ፣ ተባዩን የሚበላው ፍጡር ግቢው ውስጥ እንዲኖር ማድረግ ነው። ኢትዮጵያ የኦርጋኒክ ግብርና አዋጅ ያወጣችው በ1998 ዓ.ም. ነው፤ ለጓሮ አበባ ግን የምስክር ወረቀት የሚጠይቃችሁ የለም።

ነገሩ እንዲገባችሁ አንድ ያልፈነዳ እምቡጥ ቀረብ ብላችሁ እዩ። አንገቱ ላይ ከሰሊጥ ፍሬ የማይበልጡ አረንጓዴ ነፍሳት ተደርድረው ታገኙ ይሆናል። ክሽክሽ ናቸው። ለጋውን ግንድ በስተው ፈሳሹን ይመጥጣሉ። ሴቶቹ ወንድ ሳያስፈልጋቸው፣ እንቁላልም ሳይጥሉ፣ ልጆቻቸውን እዚያው ይወልዳሉ። ለዚህ ነው ዛሬ ጥቂት ያያችሁበት ቦታ በሳምንቱ የሚወረረው። የተረፋቸውን ስኳር ከኋላቸው ያወጡታል። ጉንዳን እሱን ለመላስ ሲል ይጠብቃቸዋል፤ የሚበላቸው ሲመጣም ያባርርላቸዋል። ጉንዳን ግንዱ ላይ ሲመላለስ ካያችሁ ቀና ብላችሁ እምቡጡን ፈትሹ።

ክሽክሽ ለጋና ውሃ የበዛበት ቅጠል ይወዳል። ዩሪያ ደግሞ 46 በመቶው ናይትሮጅን ነው። አንድ እፍኝ ሥሩ ላይ ሲበተን ተክሉ በአንዴ ይመዘዛል፣ ቅጠሉ ይለመልማል። ባለቤቱ ደስ ይለዋል። ክሽክሹም እንዲሁ። ከዚያ ፀረ ተባይ ይገዛል፣ ይረጫል፣ ክሽክሹ ከነጠላቱ ያልቃል። ክሽክሽ ግን ቶሎ ይመለሳል፤ ጠላቱ ይዘገያል። ስለዚህ እንደገና ይረጫል።

ጠላቱ ማን ነው? ጥቁር ነጠብጣብ ያላትን ቀይ ጥንዚዛ ሁሉም ያውቃታል። ልጇን ግን ብዙ ሰው ተባይ መስላው ይጨፈልቃታል። ጥቁር፣ ረዘም ያለች፣ ብርቱካናማ ምልክት ያለባት፣ ትንሽዬ አዞ የምትመስል ነች። ቀኑን ሙሉ ክሽክሽ ስትለቅም ትውላለች። ችግሩ፣ ምግቡ ሳይበዛ እሷ አትመጣም። እስክትመጣ ሳምንታት ሊያልፉ ይችላሉ፣ የኦርጋኒክ አተካከል ፈተናም እነዚህ ሳምንታት ናቸው። እጃችሁ አላርፍ ካለ በጣት ጥረጉት፣ ወይም በውሃ ግፊት አራግፉት። ከባሰ ለስላሳ ፈሳሽ ሳሙና በውሃ አቅጥኖ ማመሻሹ ላይ መርጨት ይቻላል፤ ግን የተወረረው እምቡጥ ላይ ብቻ። ሳሙና የጥንዚዛዋን ልጅ አይለይም። ኦሞ አይሁን፣ ቅጠል ያቃጥላል።

«ከተፈጥሮ ከመጣ አይጎዳም» የሚለውንም ተዉት። የትምባሆ ውሃ ከተፈጥሮ ነው። ኒኮቲኑ ግን ለንብም ለሰውም መርዝ ነው፤ የአሜሪካ የኦርጋኒክ ደንብ በስም ጠቅሶ ይከለክለዋል።

አሁን ወደ አፈሩ። ብስባሽ ለማዘጋጀት የጎመን ቅጠል፣ የድንች ልጣጭና የቡና አተላ እርጥቡ ክፍል ይሆናሉ። ለአንድ ባልዲ እርጥብ ሁለት ሦስት ባልዲ ደረቅ ቅጠል ወይም ጭድ ጨምሩ። ክምሩ ከሸተተ ደረቁ አንሷል ማለት ነው። ትኩስ የዶሮ ኩስ በቀጥታ ሥር ላይ እንዳታደርጉ፣ ያቃጥላል፤ መጀመሪያ ይብላላ። ጽጌረዳ ቡና ይወዳል ተብሎ የጀበናው አተላ በየቀኑ ሥሩ ላይ ሲደፋ አያለሁ። በወፍራሙ ከተጠራቀመ ደርቆ ይጋገርና ውሃ አያሳልፍም፤ ከብስባሹ ጋር ቢቀላቀል ይሻላል። የከሰል አመድም በልኩ ይሁን። ጽጌረዳ በትንሹ አሲድነት ያለው አፈር ይመርጣል፣ አመድ ደግሞ ተቃራኒውን ያደርጋል። ግቢያችሁ ዋልካ ከሆነ መደቡን ከፍ አድርጉት፣ ክረምት ላይ ሥሩ ውሃ ውስጥ እንዳይቆም።

ከላዩ ጉዝጓዝ ያስፈልጋል። የጤፍ ጭድ ጥሩ ነው። የበዓል ቄጤማ ተጠርጎ ከሚጣል እዚያ ይነጠፍ፤ ግንዱን ብቻ አይንካ። ውሃ በፈረቃ ለሚያገኝ ሰው ጉዝጓዝ ትልቅ ነገር ነው፣ አንድ ጀሪካን ብዙ ቀን ያቆያል። ዝናብ ሲወርድም ጭቃው ቅጠሉ ላይ እንዳይፈናጠር ያደርጋል። የጥቁር ነጠብጣብ በሽታ ከረገፈ ቅጠል ተነስቶ የሚዛመተው በዚህ ዓይነት የውሃ ፍንጣሪ ነው።

ይህ በሽታ ቅጠል ላይ ለመያዝ ለሰዓታት የቆየ እርጥበት ይፈልጋል፤ ክረምቱ የሱ ወቅት ነው። ቅጠሉ ይጠቁራል፣ ዙሪያው ቢጫ ይሆናል፣ ይረግፋል። የረገፈውን ልቀሙ፣ ግን ብስባሹ ውስጥ አትክተቱት፤ የቤት ክምር በሽታውን ለመግደል የሚበቃ ሙቀት ላይ ሁልጊዜ አይደርስም። መሃሉን ገረዝ አድርጋችሁ ነፋስ እንዲያልፍ አድርጉ። ውሃ ጠዋት፣ ከሥር፣ ቅጠሉን ሳትነኩ አጠጡ። ቅጠሉ ላይ ዱቄት የተነሰነሰ የሚመስለው ሻጋታ ግን ሌላ ነው። እርጥብ ቅጠል አያስፈልገውም፣ ቀኑ ሞቃት ሌሊቱ ቀዝቃዛ ሲሆን ይመጣል። አንድ እጅ ወተት በዘጠኝ እጅ ውሃ ቀጥኖ ፀሐይ ባለበት ቢረጭ ይረዳል። ጾም ሲገባ ማቀዝቀዣ ውስጥ የቀረችው ወተት ሥራ አገኘች ማለት ነው።

ይህ ሁሉ ግን እንደ ዝርያው ነው። ዝዋይና ሆለታ ላይ ለውጭ ገበያ የሚመረቱት ጽጌረዳዎች ለፕላስቲክ ቤት፣ ለረጅም ግንድና ለመጓጓዣ የተመረጡ ናቸው፤ ሜዳ ላይ የሐምሌ ዝናብ ሲወርድባቸው ይቸገራሉ። የደጋው የራሳችን ጽጌረዳ፣ ነጭ አበባ ያለው ቀጋ፣ ማንም ሳይንከባከበው በየቁጥቋጦው ይኖራል። የተዳቀለ አበባ ለሚፈልግ ደግሞ ምርጡ ችግኝ ቤት የጎረቤት አጥር ነው። በክረምት መጨረሻ ዙሩና ቅጠሉ ያልረገፈውን ፈልጉ። አስፈቅዳችሁ የእርሳስ ውፍረት ያለው፣ አንድ ስንዝር የሚሆን ቁራጭ ውሰዱ። የታችኛውን ቅጠል አራግፋችሁ እስከ ግማሹ አፈር ውስጥ ቅበሩት፣ ጥላ ስር አቆዩት፤ አዲስ ቅጠል ማውጣት ሲቀጥልና ሳብ ስታደርጉት አልነቀል ሲል ሥር ይዟል።